ለጀማሪው የተሰጠ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ምስክርነት

ሩሲንጋ ደሴት፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 2019

ለወንድሜ የበኩር ልጅ፣ ለዶክተር ኦቡራ ማጋክ
ኒውካስል

እግዚአብሔር ከዚያ አገር ብርድ ጆሮህን፣ ከዚያ አገር ምግብ ሆድህን ይጠብቅልህ። እኔ የአባትህ ታናሽ ወንድም ሄዝሮን ኛጋያ፣ የደሴቱ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቀድሞ ጸሐፊ፣ አሁን ደግሞ የዓሣ አስጋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊና ብቸኛ ማህተም ያዥ፣ ደህና ነኝ። ማህተሙም ደህና ነው።

ወንድምህ ኦጎላ «ለምን በስልክ አትነግረውም?» እያለ ይነዘንዘኛል። በስልክ የተነገረ ነገር ማህተም የለውም። ነገ «አልሰማሁም» ብትለኝ ምን ይዤ እከራከርሃለሁ?

አሁን አረፍ ብለህ አንብብ። ገንዘብ ልጠይቅህ አይደለም። ለጀልባዋ ሞተር የላክኸው ደርሶ፣ ሞተሩም ተገዝቶ፣ እሱም እንደ ሌሎቻችን ጠዋት ጠዋት መነሣት ይለግማል። የምጠይቅህ ቀን ነው። አንድ ቀን።

ኦጎላ ለጎጆ መውጫው ቤት ጡቡን ካቃጠለ አራት ዓመት አለፈው። ቆርቆሮው ከአልጋዬ ሥር ተኝቷል። ጡቡ መሐል የጎረቤት ዶሮዎች ይፈለፍላሉ፤ ሦስተኛ ትውልድ ላይ ደርሰዋል። እጮኛው ቤሪል፣ ምቢታ ገበያ ልብስ የምትሰፋዋ፣ በየእሁዱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጎራ ብላ ጡቡን ታየዋለች፤ የታመመ ዘመድ እንደምትጠይቅ። ትቆማለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ትሄዳለች።

አንተ በኩር ነህ። በኩር በአባቱ ግቢ ውስጥ የራሱን ጎጆ፣ ሲምባውን፣ ሳይሠራ ታናሽ አንድ ምሰሶ አይተክልም። ይህን ሕግ እኔ አላወጣሁትም፤ እኔ ባወጣው ኖሮ ማህተም ይኖረው ነበር። ቤተ መንግሥት ሥራ አላልንህም። አራት የጭቃ ግድግዳ፣ አንድ በር፣ ውስጡ እሳት፣ አንድ አዳር። ከዚያ ወደ በረዶህ ተመለስ። አባትህ ከእናትህ ጎን ስለተኛ የመጀመሪያውን ምሰሶ ካንተ ጋር የምይዘው እኔ ነኝ። እኔም ከሲሚንቶ አልተሠራሁም።

ቀኑን ጻፍልኝ።

በዚያች ጎጆ ስታንኮራፋ ለመስማት የጓጓው ታናሹ አባትህ
ሄዝሮን ኛጋያ
(ማህተም)

ኒውካስል፣ ማርች 3 ቀን 2019

ለታናሹ አባቴ ለሄዝሮን

እግዚአብሔር ዕድሜዎን እንደ ማህተምዎ ቀለም የማያልቅ ያድርግልኝ። እንዴት ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን አውቶቡስ ላይ አነበብኩት። አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት ፊቴን አይተው «መጥፎ ዜና ነው?» አሉኝ። «ጡብ ነው» አልኳቸው።

ልነግርዎ የዘገየሁት ነገር አለ። እዚህ አገር በየዓመቱ የሚሰጥ ሽልማት አለ። በሥራቸው መጀመሪያ ላይ ሳሉ ድንቅ ነገር ለሠሩ ተመራማሪዎች ነው፤ ለታሪኩም፣ ለሂሳቡም፣ ለሕጉም፣ ለሙዚቃውም። ያሸነፈ ሰው ሁለት ዓመት ከማስተማር ነፃ ሆኖ የፈለገበት ቦታ ተቀምጦ ምርምሩን ይሠራል። የትም! እኔ የማጠናው የሐይቃችን ዓሣ አስጋሪዎች ስለ ነፋስ ያላቸውን ዕውቀት ነው። በዚህች መስኮት የሚገባው ነፋስ ግን የተጠበሰ ድንችና የአውቶቡስ ጭስ እንጂ ሌላ ነገር አይሸትም። ካሸነፍኩ ስድስት ወር እመጣለሁ። ሲምባዬን እሠራለሁ፤ አንድ አዳር ሳይሆን መቶ ሰማንያ አዳር እተኛባታለሁ።

ችግሩ ዶክትሬቱን ከያዘ ዐሥር ዓመት ያለፈው ሰው አይታጭም። የኔ በኦክቶበር ይሞላል፤ ስለዚህ የመጨረሻ ዕድሌ ዘንድሮ ነው። ራስን ማጨትም የለም። የክፍላችን ኃላፊ ፕሮፌሰር ሞራግ ከመሐላችን አንድ ሰው ትመርጣለች። ከኔ ሌላ ስለ ጥንት ንብ አናቢዎች የምታጠና ባልደረባ አለችኝ። ንቦቹ ከሞቱ ሰባት መቶ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ቢሆንም ከኔ ነፋስ የበለጠ ይታያሉ።

እስከ ኦክቶበር ይታገሡኝ። ኦጎላንም ቤሪልንም ያግባቡልኝ። ደግሞ አንድ ልመና፦ የአባቴን የነፋስ ደብተር በፖስታ ይላኩልኝ። ያንን ደብተር ሳስበው የእርጥብ መረብ ሽታ ይመጣብኛል፤ ከዚያ ለሰዓታት ሥራ አይያዝልኝም።

ልጅዎ ኦቡራ

ሩሲንጋ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 2019

ለዶክተር ኦቡራ ማጋክ

ሰላምና ጤና ላንተ ይሁን። ማስተዋል ደግሞ ለዚያ አገር ሰዎች ይሁን፤ ከጻፍክልኝ እንደተረዳሁት በጣም ጎድሏቸዋል።

ደብዳቤህን ኦሜና በምናሰጣበት ዳስ ሥር፣ ዓሣው እየደረቀ፣ ለኮሚቴው ሙሉ አባላት አነበብኩት። የተባለውን በቃለ ጉባኤ ይዤዋለሁ።

«በሥራው መጀመሪያ ላይ ያለ አሉት?» አለ ጀልባ ሠሪው ራቡር። «ሠላሳ ስምንት ዓመቱ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«መላጣ አልሆነም?»

«ፎቶው ላይ ከፊት ገባ ብሏል።»

«ታዲያ በመላጣነቱ ይሸለም እንጂ በነፋስማ ገና በቁምጣ ሳለ ነው የጀመረው!»

እውነቱን ነው። አባትህ ፊደል አልቆጠረም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆነህ በየጠዋቱ ጀልባው ጫፍ ላይ ተቀምጠህ፣ እሱ አፍንጫውን ወደ ሐይቁ አቅንቶ የሚነግርህን የጻፍከው አንተ ነህ። እዚህ አገር ሹመትም ይሁን የመሬት ካርታ የሚፈልግ ሰው ያገለገለበትን ዘመን ይቆጥራል፤ በየቢሮው ዞሮ ያስመሰክራል። አንተ ግን ትሕትና አብዝተህ ዐሥር ዓመት ብቻ አስቆጠርክ። ለዚህ ነው ንብ የምትበልጥህ። ስለዚህ ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወስኖ የሚከተለውን በቀጥታ ለሸላሚዎቹ ልኳል፤ አድራሻውን ኦጎላ ከስልኩ ላይ አገኘው።

«ለሚመለከተው ሁሉ። ኦቡራ ማጋክ ጀማሪ ሳይሆን ከዘጠኝ ዓመት ዕድሜው አንሥቶ ለሃያ ዘጠኝ ዓመታት በነፋስ ምርምር ያገለገለ፣ ከማንም መረብ ዓሣ ያልሰረቀ፣ ሰክሮ ያልታየ፣ አባቱ በማርች 2013 ሲያርፉ እንኳ ሥራውን ለአንዲት ቀን ያላቋረጠ ትጉህ ሰው መሆኑን በማህተማችን እናረጋግጣለን።»

የኔ ማህተም፣ የቺፉ ማህተም፣ የቄሱ ማህተም፣ የትምህርት ቤቱ ማህተም አርፎበታል። የእንስሳት ሐኪሙም በአጋጣሚ ሲያልፍ የራሱን መትቶበታል። አምስት ማህተም አይተው እንቢ ካሉ ሰዎቹ ክርስቲያን አይደሉም።

ደብተሩ አይላክም። ደብተሩ ያለው እኔ ዘንድ ነው፤ ማንበብ የፈለገ ይመጣል። ለቅምሻ ያህል ግን፣ አባትህ «አማት» የሚለው ነፋስ ባለፈው ሳምንት ጎብኝቶን ነበር። ሳይጠራ ገባ፣ ዕቃውን ሁሉ አገላበጠ፣ ማንም «ቆይ እንጂ» ሳይለው ተቆጥቶ ሄደ። ሌሎቹ ይጠብቁሃል።

ታናሹ አባትህና ዋና መስካሪህ
ሄዝሮን ኛጋያ
(ማህተም)

ኒውካስል፣ ሜይ 21 ቀን 2019

ለታናሹ አባቴ

ጤናዎን ይስጥልኝ፤ ለኔም ትዕግሥቱን።

ሰኞ ዕለት ፕሮፌሰር ሞራግ ቢሮዋ አስጠራችኝ። ጠረጴዛዋ ላይ ያ ደብዳቤ ተዘርግቷል። ሸላሚዎቹ እሷ ዘንድ ልከውታል፤ እጅግ ጨዋነት ካለው ማስታወሻ ጋር።

«ኦቡራ፣ ቺፉ ማነው?»

«የአካባቢያችን አስተዳዳሪ ናቸው።»

«የእንስሳት ሐኪሙስ?»

«በመንገድ ሲያልፍ ነው።»

አልሳቀችም። «ካንተ ሥራ የሚበልጥ ስላላገኘሁ በኤፕሪል ያጨሁት አንተን ነው። አሁን ‹ከዐሥር ዓመት በላይ ያለፈው አይታጭም፣ ይህ ደብዳቤ ግን ሃያ ዘጠኝ ይላል፣ አረጋግጪልን› ብለውኛል። እሱን አስረዳቸዋለሁ፤ ቀላል ነው። የከበደኝ ይቺ ናት» ብላ በጣቷ አንዲት መስመር ነካች። የትኛዋን እንደሆነ ያውቃሉ።

«የሽልማቱ ቅጽ ላይ ሥራ ያቋረጥክበት ጊዜ አለ ወይ ተብለህ ተጠይቀሃል። ወሊድ፣ ሕመም፣ ሐዘን። ካለ ከዐሥሩ ዓመት ላይ ይቀነስልሃል። አንተ ‹የለም› ብለህ ሞልተሃል።»

«የለም።»

«አባትህ አልሞቱም?»

«ሞተዋል። አላቋረጥኩም።»

«ያንን ማርች አስታውሰዋለሁ» አለችኝ። «ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት የኔን ክፍል አስተማርክልኝ። እኔ ጥርሴን ልታከም ሄጄ።»

«አዎ።»

«የዚያን ቀን ነበር?»

«ቀብሩ በማግስቱ ነበር።»

«እና እኔን ጥርስሽን እንዴት አደረገሽ ብለህ ጠየቅከኝ!» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ያኔ ቪዛዬ እየታደሰ ነው፣ ከወጣሁ አያስገቡኝም ብዬ ጽፌልዎት ነበር። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ሌላውን ግማሽ ለማንም አልተናገርኩም። ካልሄድኩ አባቴ አሁንም በየጠዋቱ ወጥቶ ነፋሱን የሚያሸት ይመስለኛል። ከመጣሁ ግን ጀልባው ጫፍ ላይ የሚቀመጥ አይኖርም።

ዕጩነቴ አልተሰረዘም፤ ውጤቱ በኦክቶበር ይነገራል። እባክዎ ታናሹ አባቴ፣ እስከዚያ ለማንም ምንም አይመስክሩ።

ኦቡራ

ሩሲንጋ፣ ኦገስት 30 ቀን 2019

ለኦቡራ፣ ለወንድሜ ልጅ

ሰላም ላንተ ይሁን። ሦስት ወር ዝም ያልኩህ ቀለም አልቆብኝ አይደለም።

ያቺን መስመር የጻፍኳት እኔ ነኝ። ቺፉ «ይቺ ትቅር፣ ሄዝሮን» ብሎኝ ነበር። «ምስጋና እኮ ናት» አልኩት። ስድስት ዓመት ጉሮሮዬ ላይ ቆማ የነበረችውን ነገር የምስጋና ልብስ አልብሼ ላክኋት። አምስት ማህተም አስመታሁባት። አንተ ፊት ልናገራት ድፍረት ያጣሁትን ለማላውቃቸው ፈረንጆች ተናገርኩ። ይቅር በለኝ።

የቀብሩ ቀን እንዴት እንደዋለ ጠይቀኸኝ አታውቅም፤ እኔም ነግሬህ አላውቅም። ጉድጓዱ ጠዋት አልቆ ነበር። የመጀመሪያውን አፈር የሚያለብሰው በኩር ነው። እንደማትመጣ ነግረኸናል፤ ሁላችንም ሰምተናል። ቢሆንም የናይሮቢው አውቶቡስ እስኪገባ ጠበቅን። «አውቶቡሱ ይግባ» ያለ ሰው አልነበረም። ቄሱ ዝማሬ አስረዘሙ፣ ራቡር የሳጥኑን ምስማር እንደገና አጠበቀ፣ እኔም የጠፋ ወረቀት ፈለግኩ። አውቶቡሱ ገባ፤ የወረዱት ሁለት ነጋዴዎችና አንድ ፍየል ናቸው። ከዚያ ኦጎላ አፈሩን አነሣ።

አሁን ወዳለንበት ልምጣ። የቤሪል አባት «እስከ ገና ነው የምታገሠው፤ ልጄ ጡብ አላገባችም» ብሎ ላከብን። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ።

«ለሰጠመ ሰው የሚሠራውን እንሥራለት» አለ አንዱ። ታውቀዋለህ፤ ሐይቁ በልቶት ሬሳው ላልተገኘ ሰው በስሙ የምትቆመዋን፣ ጉልበት የማትደርሰዋን ጎጆ። እሷ ከቆመች ታናሽየው ነፃ ይወጣል።

«ኦቡራ አልሰጠመም» አልኩ።

«ታዲያ የት ነው?» አለኝ።

ኪሴ ውስጥ ማህተሜን ጨበጥኩ።

ቀኑን ዲሴምበር 7 ብለው ቆረጡ። ቃለ ጉባኤው ላይ ማህተም ሲጠይቁኝ «ጠፍቶብኛል» አልኩ። በሠላሳ ሁለት ዓመት ጽሕፈት ይህን መሰል ውሸት ዋሽቼ አላውቅም፤ ሁሉም ጎረቤት አብሮኝ ሲፈልግ ዋለ። ኦጎላ «ትንሽ ብንጠብቀውስ?» አለ። ቤሪል ጡቡ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ዶሮዎቹ ሸሹ።

ያ ሽልማት ቶሎ ይምጣልን።

ሄዝሮን
(ማህተሙ ለሕዝብ የጠፋ ስለሆነ አልመታሁም)

ኒውካስል፣ ኦክቶበር 25 ቀን 2019

ለታናሹ አባቴ

እንደምን ከረሙ? አላሸነፍኩም።

ካሸነፉት አንዱ ስለ ጨው ያጠና ነው፤ አንዷ ስለማይታዩ ከዋክብት። ጥሩ ሰዎች ናቸው ይላሉ። ፕሮፌሰር ሞራግ ኬክ ገዝታ መጣች፤ ንብ አጥኚዋ ባልደረባዬም ማር አመጣችልኝ፤ ሐዘንተኛ ቤት እንደሚገባ ገቡ፣ በሉ፣ ወጡ። በኦክቶበር 9 ዐሥሩ ዓመት ሞላ። ከእንግዲህ በሥራዬ መጀመሪያ ላይ አይደለሁም። ምን ላይ እንደሆንኩ ግን ቅጹ አይናገርም።

የቀብሩን ነገር አነበብኩ። ደጋግሜ አነበብኩ። የዚያን ዕለት አውቶቡስ ሳስብ እንቅልፍ ይነሣኛል። ከዚያ በኋላ ባዶ እጄን እንዴት እመጣለሁ? ሽልማቱን ይዤ ብመጣ «ለዚህ ነበር የቀረሁት» ብዬ አሳይ ነበር። አሁን የማሳየው የለኝም።

ኦጎላ ዕድሜው ይሄዳል። ያቺን ትንሿን ጎጆ ሥሩልኝ። ፈቅጃለሁ። ወንድሜ ቤቱን ሠርቶ ይግባ።

ኦቡራ

ሩሲንጋ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2019

ለኦቡራ ማጋክ

ፈቃድህ ደርሶኛል። ማህተም ስለሌለው አልተቀበልኩትም።

አንተ ልጅ፣ ማን ሽልማት አምጣ አለህ? እኛ የጠየቅንህ አንድ አዳር ነው። አባትህ ስንት ጠዋት ባዶ መረብ እየጎተተ ተመለሰ? እናትህ በር ላይ ቆማ «ዓሣው የታለ? ካልያዝክ እዚያው ሐይቁ ላይ እደር» ብላው ታውቃለች? ውኃ አሙቃ እግሩን ታጥበው ነበር። ባዶ መረብ ይዞ የማይመለስ ሰጥሞ የቀረ ብቻ ነው። አንተ ደግሞ አልሰጠምክም፤ ማር እየበላህ ነው።

እነዚያ ሰዎች ዐሥር ዓመት ሲሞላ በራቸውን ይዘጋሉ፤ መብታቸው ነው። በዚህ ግቢ ግን በኩር ቀን አያልፍበትም። ሰማንያ ዓመት ሞልቶህ በከዘራ ብትመጣም ምሰሶውን ትይዛለህ። ችግሩ ያኔ እኔ አልኖርም፤ ሌላኛውን ጫፍ የሚይዝልህ ታጣለህ።

ደብተሩን በሚመለከት። አባትህ አንተ ከሄድክ በኋላ ነፋሱን ለኔ ይነግረኝ ነበር፤ እኔ እጽፍለት ነበር። ከቀብሩ እንደተመለስን ደብተሩን ከፍቼ ቀኑን ጻፍኩ። ነፋሱ የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ ተውኩት። የዚያን ዕለት ምን ዓይነት ነፋስ እንደነበር በደንብ አውቃለሁ፤ ባርኔጣዬን ወስዶብኛል። በፖስታ አልነግርህም። ጀልባው ጫፍ ላይ ቁጭ ስትል እነግርሃለሁ፤ አንተ ትጽፈዋለህ።

ሄዝሮን ኛጋያ
(ማህተም፤ ዛሬ ተገኝቷል)

ኒውካስል፣ ኖቬምበር 19 ቀን 2019

ለታናሹ አባቴ

ምሰሶውን እስክንይዝ ጉልበትዎን ያበርታልኝ። ይህን በፈጣን መልእክት ልኬዋለሁ፤ ከኔ ቀድሞ እንዲደርስዎ ብዬ ነው።

ዛሬ የፈቃድ ቅጽ ሞልቼ ለፕሮፌሰር ሞራግ ሰጠኋት። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «የአባቴ ቀብር» ብያለሁ።

አነበበችው። መነጽሯን አወለቀች።

«ኦቡራ፣ ስድስት ዓመት አልሆነውም?»

«ሆኗል። ዘግይቻለሁ።»

«ደንቡ ለወላጅ አምስት ቀን ነው የሚለው።»

«አውቃለሁ።»

«ከስንት ዓመት በፊት እንደሆነ ግን አይልም» አለችና አምስቱን ሰርዛ «ሦስት ሳምንት» ብላ ፈረመች። «ማክሰኞ ማክሰኞ ክፍልህን እኔ አስተምርልሃለሁ። ጥርሴ ቢታመምም።»

ልወጣ ስል ቆም ብዬ ማህተም አላት እንደሆን ጠየቅኋት። «ለምንህ?» አለችኝ። «የምልክላቸው ሰው ያለ ማህተም አይቀበሉም» አልኳት። መሳቢያዋን ሁሉ ፈተሸች። በክፍላችን ያለው ማህተም አንድ ብቻ ነው፤ ተማሪዎች ጊዜው ካለፈ በኋላ በሚያስገቡት ወረቀት ላይ የሚመታ። እሱን መታችልኝ፤ ከታች ያዩታል።

መጥረቢያውን ያስሉልኝ። ኦጎላ ዶሮዎቹን ከጡቡ ላይ ያንሣ። በዲሴምበር 5 ከሰዓት በኋላ የናይሮቢው አውቶቡስ እስኪገባ፣ እንደዚያን ቀን ይጠብቁኝ።

በኩርዎ ኦቡራ
(ማህተም፦ ዘግይቶ የቀረበ)